ጎንደርም ሞሺም ላላችሁ ባለውለታዎቼ

ለልደታ ሰፈር እድርተኞች፣ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህሬ፣ እንዲሁም ሞሺ ላላችሁ የትምህርት ቤት ቤተሰቦቼ፦

ኅዳር መጨረሻ ላይ ከታንዛኒያ ተመልሼ ጎንደር አዘዞ ስወርድ ሊቀበለኝ የወጣውን ሰው ሳይ አንደበቴ ተያዘ። ያን ቀን ከማልቀስ በቀር አንድ ቃል አልወጣኝም። ከዚያ ወዲህ በየቤታችሁ እየዞርኩ ለማመስገን ሞክሬ ነበር፤ ግን አላዳረስኩም። ስለዚህ ያልኩትንም ያላልኩትንም እዚህ ልጻፈው።

ለማታውቁኝ፣ እዚሁ ጎንደር የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። በ2011 ዓ.ም ከኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ ካለችው ከሞሺ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት ለአንድ የትምህርት ዘመን በበጎ ፈቃድ ላስተምር ሄድኩ። እነሱ ዘንድ ትምህርት የሚከፈተው በእኛ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ጥምቀትን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎንደር ውጭ አሳለፍኩ። ያ ለብቻው ስንት ያስለቅሳል! ያለ ደመወዝ ፈቃድ ስወስድ ክፍለ ጊዜዎቼን ተካፍላችሁ ዓመቱን ሙሉ የሸፈናችሁልኝ ባልደረቦቼ፣ የራሳችሁ ሳይበቃችሁ የእኔን ደርባችሁ እንደተሸከማችሁ አውቃለሁ። ተማሪዎቼ አንድም ክፍለ ጊዜ እንዳልባከነባቸው ነግረውኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስሄድ ልቤን የሚበላው አንድ ነገር ነበር። እንግሊዝኛ የእናቴ ቋንቋ አይደለም፤ እኔ ማን ሆኜ ነው ባሕር ማዶ ሄጄ የማስተምረው እል ነበር። እዚያ ስደርስ ግን ነገሩ የማውቀው ሆኖ ቆየኝ። የታንዛኒያ ልጆች ሰባት ዓመት በስዋሂሊ ይማሩና ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ትምህርቱ ሁሉ ባንዴ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። የጎንደር ልጅ ይህን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። እኛም በአማርኛ ስንማር ቆይተን 9ኛ ክፍል ስንገባ ባዮሎጂውም ታሪኩም እንግሊዝኛ ሆኖ ነው የጠበቀን። ትናንት እጁን ቀድሞ ያወጣ የነበረ ጎበዝ ልጅ ባንድ ክረምት ዲዳ ሲሆን አይተናል። እኔ ራሴ ያቺ ዲዳ ነበርኩ።

ሞሺም ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንዲህ ያለች ልጅ አገኘሁ። ስትጠየቅ ደብተሯን አፏ ላይ ትጋርዳለች። ሁለት ወር ሙሉ ድምጿን አልሰማሁም። አንድ ቀን ስለ ሰዓት አቆጣጠር ሳስተምር ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሰዓት ሳልኩና የጧቱን አንድ ሰዓት አመለከትኩ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ሰባት ነው የሚለው። ስዋሂሊ ተናጋሪ ግን እንደኛው ከንጋት ይቆጥራል፤ ‹ሳ ሞጃ› ይለዋል፣ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ደቂቃንም ‹ዳኪካ› ነው የሚሉት። ልጆቹ ሰባቱን ከአንዱ ጋር ማስታረቅ አቅቷቸው ሲተያዩ፣ «በእኔም አገር ይሄ አንድ ሰዓት ነው፤ እኔም በእንግሊዝኛ በተናገርኩ ቁጥር ስድስት ስደምር ነው ያደግሁት» አልኳቸው። ክፍሉ ተናጋ። 58ቱም አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። በዚያ ጫጫታ መሐል ያቺ ልጅ ደብተሯን አስቀምጣ ብድግ አለችና በእንግሊዝኛ «ማዳም፣ አንቺም ከባድ ነበር?» አለችኝ። ሰዋስዉ ትክክል አልነበረም፤ አላረምኩትም። «በጣም ከባድ ነበር» ብዬ መለስኩላት።

ከዚያ በኋላ ስዋሂሊ እንዲያስተምሩኝ ጠየቅኳቸው፤ የሚያስረዱኝ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ተስማማን። በየቀኑ አንዱ ልጅ አንድ ቃል ይዞ ይመጣል፣ እስኪገባኝ ድረስ ያስረዳኛል። የእኔ አለማወቅ አፋቸውን ከፈተው። ይህን ብልሃት ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። 9ኛ ክፍል ሳለሁ መምህሬ መጀመሪያ ነገሩን በአማርኛ በራሳችን አባባል እንድናስረዳው፣ ቀጥሎ እሱ ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆኖ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ እንድንነግረው ያደርግ ነበር። ሲሳሳቱ የሳቀ ተማሪ ከክፍል ይወጣ ነበር። መምህሬ፣ ሞሺ ላይ የቆምኩት በአንተ እግር ነው።

ወደ ከባዱ ልምጣ።

አባቴ የመጨረሻ ስልኩን የደወለልኝ ሚያዝያ ውስጥ ነው። ስለ ተራራው ጠየቀኝ፤ ከዳሸን ይበልጥ እንደሆነ። 5,895 ሜትር እንደሆነ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «ታዲያ ጋቢሽን ደርበሽ ተኚ» አለኝ። ሞሺ ከተማው ይሞቃል፤ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ የለም። እኔ ግን እሺ አልኩት፣ ከዚያም ወዲያ ማታ ማታ ደረብኩት።

ሳምንት ሳይሞላ አረፈ። የእድራችን ሰዎች፣ ድንኳኑን ስትተክሉ፣ እናቴን ሌሊትና ቀን ስትጠብቁ፣ ቀብሩን እኔ ብኖር ከማደርገው በላይ ስታስፈጽሙ ቆይታችሁ ሌላ ነገር አሰባችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም ብላችሁ መከራችሁ። ግን ሞሺ ማን አለ? አማርኛ የሚያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ያኔ ነው መምህሬን የጠራችሁት። እሱም የርዕሰ መምህሯን ስልክ አፈላልጎ አገኘና በእንግሊዝኛ አነጋገራት። ርዕሰ መምህሯ ኋላ ቃሉን አንድ በአንድ ነገረችኝ፦ «በስልክ አትንገሯት። ብቻዋንም አትንገሯት። ጎህ ሲቀድ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ይዛችሁ ሂዱ። ከሰማች በኋላ ሰው ከአጠገቧ አይጥፋ።» ያ ሰው ከሃያ ዓመት በፊት ያስተማረኝን ቋንቋ፣ መርዶዬ እንደ አገሬ ወግ እንዲደርሰኝ አደረገበት።

በማግስቱ ሌሊቱ ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ስወጣ ርዕሰ መምህሯ፣ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኛና ሦስት የጎረቤት አሮጊቶች ካንጋ የሚሉትን ጨርቃቸውን ተከናንበው ቆመዋል። እኔ አባቴ ደርቢ ያለኝን ጋቢ እንደደረብኩ ነበርኩ። ምንም ሳይናገሩ ገባኝ።

ሞሺዎች፣ የእናንተን ውለታ በአማርኛ ብጽፈውም አንድ ቀን ተርጉሜ እልክላችኋለሁ። ‹ፖሌ› ስትሉኝ ‹አይዞሽ› ብዬ ነበር የሰማሁት። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፋችሁ ከእኔ ጋር ስንት ቀን ተቀመጣችሁ! ለቅሶ ቤቱን እናንተ ‹ምሲባ› ትሉታላችሁ፤ እኔ ግን ልደታ ድንኳን ውስጥ ያለሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ‹ራምቢራምቢ› ብላችሁ ገንዘብ አዋጣችሁና ከፖስታው ጋር የስም ዝርዝር ሰጣችሁኝ፤ ልክ እንደ እድራችን መዝገብ። መጨረሻው ላይ የጥበቃው አባት ስም ነበር፦ 1,000 ሺሊንግ። የላከኝ ድርጅት ለትኬት የሚሆን በጀት እንደሌለው ነግሮኝ ነበርና ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ለአርባው የደረስኩት በዚያ ገንዘብ ነው።

እናቴ፣ ተዝካሩ እንዳለቀ «አባትሽ የጀመረውን ሥራ ጥሎ አያውቅም፤ ሂጂና ጨርሺ» ብለሽ ራስሽ ሻንጣዬን አዘጋጀሽልኝ። ብቻሽን መቅረትሽን እያወቅሽ። ይህን የምመልስበት መንገድ አላውቅም። ያን ክረምት ቡና ሳትጠሯት ያልዋላችሁ ጎረቤቶቿ፣ በየተራ አብራችኋት ያደራችሁ የአክስቶቼ ልጆች፣ ውለታችሁን ልጆቻችሁ ያግኙት።

ሰኔ መጨረሻ ስመለስ የጎንደር ተማሪዎቼ ለሞሺ ልጆች በእንግሊዝኛ የጻፏቸውን 43 ደብዳቤዎች ይዤ ሄጄ ነበር። የሞሺ ልጆች መልሰዋል፤ ሁለት ሁለት የጻፉም ስላሉ ደብዳቤው ከላክነው በልጧል። ያቺ የሦስተኛው ረድፍ ልጅ ሦስት ገጽ ጽፋለች። ሁሉም ሻንጣዬ ውስጥ ናቸው። ተማሪዎቼ፣ ከሰኞ ጀምሮ በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል እየመጣችሁ የየራሳችሁን ውሰዱ።