ቻርጅ የሚደረጉ የባትሪ ድንጋዮች ለምን ቶሎ ያልቃሉ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፤

ከመስቀል ወዲህ ከእኛ የገዛችኋቸውን ቻርጅ የሚደረጉ የባትሪ ድንጋዮች «ቶሎ ያልቃሉ» ብላችሁ የመለሳችሁልን ጥቂት አይደላችሁም። የመጣውን ሁሉ ተቀብለን በመለኪያ መሣሪያችን አንድ በአንድ ሞልተን፣ እስኪያልቅ አሠርተን፣ መልሰን ሞልተን አየነው። ከተመለሱት የሚበዙት ገና ብዙ ዕድሜ የነበራቸው ሆነው አገኘናቸው። ይህን የምንጽፈው ጥፋቱን ወደ እናንተ ለመግፋት አይደለም። የእኛም ጥፋት ስላለበት ከዚያው እንጀምራለን።

ባለፈው ዓመት ካስመጣናቸው መካከል 3,300 ሚሊአምፒር ሰዓት (ድንጋዩ የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ ነው) የሚል የተጻፈበት ደብል ኤ ድንጋይ ነበር። የገዛነው ጽሑፉን አምነን ነው፤ ማመን አልነበረብንም። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ በሚባለው ኬሚካል የሚሠራ የዚህ መጠን ድንጋይ እውነተኛ አቅሙ ቢበዛ 2,800 አካባቢ ነው። ስንለካው 900 እንኳ አልሞላም። ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነ፤ ደህናው ድንጋይ ከ26 እስከ 31 ግራም ሲመዝን፣ ይህኛው 17 ግራም ነበር። ከቆርቆሮው ውስጥ ሊኖር የሚገባው ነገር ጎድሏል ማለት ነው። ከእነዚህ የገዛችሁ ሁሉ ደረሰኝ ባይኖራችሁም አምጡልን፣ እንቀይርላችኋለን። ከሌላ ቦታ ስትገዙም በእጃችሁ መዝኑት፤ በጣም የቀለለ ድንጋይ ላይ ትልቅ ቁጥር ካያችሁ ተጠራጠሩ።

አንድ የድምፅ ባለሙያ ደንበኛችን ስምንት ድንጋይ በፌስታል ይዞ መጣ። በሠርግ ላይ፣ ሽማግሌው እየመረቁ ሳለ ማይክሮፎኑ ተቋርጦበት በሰው ፊት አፍሯል። ስንለካቸው አምስቱ ከ1,900 በላይ ያዙ፣ ሦስቱ ግን ከ700 አላለፉም። ማይክሮፎኑ የሚጎርሰው ሁለት ድንጋይ ነው። ብርቱና ደካማ ተጣምረው ሲገቡ ደካማው ቀድሞ ያልቃልና ብርቱው ገና ግማሹን ሳይሠራ መሣሪያው ይጠፋል። አንዳንዴ ደግሞ ብርቱው ባዶውን ድንጋይ አልፎ ኤሌክትሪክ መግፋቱን ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ የደካማው ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ይገለበጣል፣ ድንጋዩም ላይመለስ ይጎዳል። ስለዚህ አንድ ቀን የተገዙትን ጥንድ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉባቸው፤ አብረው ይሞሉ፣ አብረው ይሥሩ። ያ ባለሙያ አሁን በየጥንዱ ላይ ቀለሙ የተለያየ ፕላስተር ይለጥፋል፤ እስካሁንም ተመልሶ አልመጣም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን የቻርጀሩ ነገር ነው። ደህና ድንጋይ በመጥፎ ቻርጀር ሲበላሽ ማየት ያንገበግባል። ርካሹ ቻርጀር ድንጋዩ መሙላቱን አያውቅም። አንዳንዱ ዝም ብሎ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ሰዓት ብቻ ይቆጥራል። 2,000 የሚይዝ ድንጋይ በ200 ሚሊአምፒር ሲሞላ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይፈልጋል። ማታ ሰክታችሁ ጠዋት ከነቀላችሁት ገና አልሞላም፤ ቶሎ ማለቁም አይደንቅም። ሰዓት በሚቆጥረው ቻርጀር ላይ ደግሞ የእኛ አገር መብራት ሌላ ችግር ያመጣል። መብራት ሲጠፋ ቆጠራው ይረሳል፣ ሲመለስ ከዜሮ ይጀምራል። በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ከሄደና ከመጣ፣ ሞልቶ የነበረው ድንጋይ እየጋለ ያነጋል። እንዲህ የከረመ ድንጋይ ከወር ወደ ወር አቅሙ ይቀንሳል። ጥሩው ቻርጀር እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው ይከታተላል፤ ሲሞላ የሚታየውን ጥቂት የቮልት መውረድ አይቶ ያቆማል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ከእኛ አንድ ነገር ብቻ የምትገዙ ከሆነ ድንጋዩን ትታችሁ ይህን ግዙ እንላለን። ሲሞላ ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ በመዳፍ ጨብጣችሁ ማቆየት እስኪያቅታችሁ ከጋለ ግን ንቀሉት።

ሞልታችሁ ከመሳቢያ ያስቀመጣችሁት ድንጋይ ሳይነካ ያልቃል ያላችሁንም ትክክል ናችሁ። የቀድሞው ዓይነት ቁጭ ብሎ በወር ውስጥ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያጣል። በ2005 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ሳንዮ ኩባንያ ኤኔሉፕ የተባለውን ድንጋይ ካወጣ ጀምሮ የተስፋፋው ዓይነት ግን ከዓመት በኋላም አብዛኛውን ይዞ ይቆያል። ሙቀት የሁለቱንም ማለቅ ያፋጥናል፤ ድሬዳዋና አፋር ያላችሁ ደንበኞቻችን መኪና ውስጥ አትተዉአቸው።

የደም ግፊት መለኪያችሁ አዲስ በተሞላ ድንጋይ «ባትሪ አልቋል» የሚል ምልክት ካሳየ ድንጋዩን አትውቀሱ። ተራው ድንጋይ 1.5 ቮልት ሲሆን ይህኛው 1.2 ነው፤ መሣሪያው ልዩነቱን እንደ ማለቅ ይቆጥረዋል። ለግድግዳ ሰዓት ደግሞ ተራውን ተጠቀሙ። ከመቀየራችሁ በፊት የመሣሪያውን የብረት ምላስም እዩ፤ ፈስሶ የደረቀ ነጭ ነገር ካለ በሎሚ በተነከረ ጥጥ ጥረጉትና በደንብ አድርቁት።

ወራት ሳይሠራ የቆየ ድንጋይ መጀመሪያ ይለግማል። ሦስት አራት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሞልታችሁ መሣሪያው ራሱ እስኪጠፋ ስትሠሩበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በሽቦ አገናኝታችሁ ባዶ ለማድረግ ግን አትሞክሩ፤ ይግላል፣ ይጎዳልም። በየጊዜው ጨርሳችሁ ካልሞላችሁት ይበላሻል የሚባለው የድሮው የኒኬል ካድሚየም ድንጋይ ጉዳይ ነው፤ በኒኬል ሜታል ሃይድራይዱ ላይ አትጨነቁበት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ካልያዘ አምጡልን። አንድ ጊዜ ሞልቶ አሠርቶ ለመለካት አንድ ቀን ከግማሽ ያህል ይፈጅብናል፤ ለደንበኞቻችን አናስከፍልበትም። ስትመጡ ድንጋዮቹን ብቻ ሳይሆን ቻርጀሩንም ይዛችሁ ኑ።

በአክብሮት፣
የሱቁ ሠራተኞች
አዲስ አበባ