ይድረስ ለወክ ጓደኛዬ

ውዷ እህቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናትሽን በቅርቡ አግኝቻቸው ነበር። ጉልበታቸው ትንሽ ያስቸግራቸዋል እንጂ ፊታቸው ጥሩ ነው። ለጥምቀት እንደምትመጪ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳንጻጻፍ መክረማችን ሆዴን ይበላው ነበር። አሁን ግን ስለ ዝምታው አላወራም። የማወራሽ ስለ ወክ፣ በእግር ስለ መንሸራሸር ነው።

አንቺን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ መንገድ ነው። ከስድስት ኪሎ፣ ከየካቲት 12 ሐውልት ተነስተን፣ በአምስት ኪሎ አልፈን፣ አራት ኪሎ እንደርሳለን። ከዚያ በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን ፒያሳ እንወጣለን። ጉዳይ የለን፣ ቀጠሮ የለን። ስለ ፈተና እናወራለን፣ ስለ ወንዶች እናወራለን፣ ደግሞ ዝም እንላለን። የታክሲ ሳንቲም ቢኖረንም በእግር እንሄድ ነበር። አዲስ አበባን ያወቅኩት ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ። በኋላ በታክሲና በመኪና ስመላለስ የኖርኩባቸውን ሰፈሮች እስከ ዛሬ በደንብ አላውቃቸውም።

አንቺ ጋ የመጣሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ያለሽን እረፍት ሁሉ ለኔ ሰጥተሽ፣ ደክሞሽ ሳለ መኪናሽ ውስጥ አስገብተሽ ዋሽንግተንን አዞርሽኝ። ዋይት ሐውስንም ካፒቶልንም በመስኮት አየሁ። ውለታሽን አልረሳም። ግን ከዚያ ሁሉ ዛሬም ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው መኪናውን አቁመን በእግር የሄድንበት ቀን ነው። ያንን ታይዳል ቤዚን የሚሉትን ውኃ ዙሪያውን የዞርንበት። ቼሪዎቹ አብበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ከቶኪዮ 3,020 ዛፎች በስጦታ መጥተው እንደተተከሉ የነገርሽኝ እዚያው ነው። ከጄፈርሰን መታሰቢያ ተነስተን ማርቲን ሉተር ኪንግ ሐውልት ጋ ስንደርስ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። አልጸለዩም፣ ፎቶ አላነሱም። ዝም ብለው ቆሙ። አንቺም እጄን ያዝሽኝ። በመኪና ብናልፍ ሐውልቱን እናየው ይሆናል፣ ሰውየውን ግን አናያቸውም ነበር።

እንግዲህ ይሄ ነገር ውስጤ ከርሞ ባለፈው ዓመት ምሥራቅ ስሄድ ወጣ። ድሬዳዋ የዘመድ ሠርግ ነበር። ሠርጉ ሲያልቅ ሁሉም ተመለሰ፣ እኔ ቀረሁ። ድሬን በማለዳ ነው መዞር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐዩ አያስቆምሽም። ከዚራ ሰፈርን ታውቂው የለ? ቀጥ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ግራ ቀኙ ዛፍ፣ ጥላው እርስ በርሱ የተያያዘ። ከተማዋ የተወለደችው ከባቡሩ ጋር ነው። ሐዲዱ የሐረርን ዳገት መውጣት ስላስቸገረ ከታች ሜዳው ላይ ቀረና እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ደረሰ። ይሄን መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር። የገባኝ ግን ከአሮጌው ለገሃር ፊት ለፊት ቆሜ፣ ያ ሁሉ መንገድ ከጣቢያው እየተነሳ ሲዘረጋ ሳይ ነው። ከዚያ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ የሚባለው ሰፈር ገባሁ። ደቻቱ ዝናብ ከሌለ አሸዋ ብቻ ነው። አሸዋውን አልፈሽ ሌላ ከተማ የገባሽ ይመስልሻል። መንገዱ ይጠባል፣ ይጠማዘዛል፣ ንግዱ ደጅ ላይ ይወጣል።

ሐረር በሚኒባስ ወጣሁ። የደንገጎን ዳገት ስትወጪ አየሩ ሲቀየር ይታወቅሻል። መስኮቱን ከፍቼ ነፋሱን ጠጣሁት።

ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ ውስጥ፣ ጠዋት አስጎብኚ ይዤ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው። ራምቦ ቤት ወሰደኝ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ በአንድ ወቅት ሐረር ኖሮ ነበር፣ ይሄ የእንጨት ቤት ግን እሱ የኖረበት እንዳልሆነ ይነገራል። ቢሆንም ከላይኛው ፎቅ የሚታየው የከተማው ጣሪያ ብቻውን ለመግቢያ የሚከፈለውን ያካክሳል። ራስ ተፈሪ ቤት የሚሉት ውስጥ ያለውን የሸሪፍን ሙዚየምም አየሁ። የድሮ የቁርኣን ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦች። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሰብስቦ ለከተማው እንዲህ ያለ ነገር ሲያቆይ ማየት ልብ ይነካል።

ከሰዓት በኋላ ግን አስጎብኚውን አመስግኜ ብቻዬን ገባሁ። የምነግርሽ ይሄንን ነው። ጁገል ውስጥ ጠፋሁ። መጥፋቱ ግን አያስፈራም። ግንቡን አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ነው፣ የታጠረው ቦታ 48 ሄክታር ቢሆን ነው። በየትም ብትሄጂ ወይ ግንቡ ወይ አንደኛው በር ይመልስሻል። ስለዚህ ካርታም አላየሁም፣ ሰውም አልጠየቅሁም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ገብቼ፣ አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ ሲያልቅ ሰማያዊው ይጀምራል። ጠመዝማዛው ጋ አንዲት ሴት በቅርጫት ማንጎ ይዛ ተቀምጣለች። ትንሽ ሄድ ስትይ መስጊድ። ደግሞ ትንሽ ሄድ ስትይ ሌላ መስጊድ። በዚያች አጥር ውስጥ 82 መስጊድ አለ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የመዘገባት ያለ ነገር አይደለም።

መኪና ግርግር የሚሉት መንገድ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ፣ ድምፁ መንገዱን ሞልቶታል። አንዲት ሴት ከፊቴ ሆና ጨርቅ መርጣ ገዛች፣ ለሰፊው ሰጠችው፣ እሱም እዚያው ለካት። እኔም ለአንቺ አንድ ሻርፕ አስሰፋሁ። ሳጥኔ ውስጥ ይጠብቅሻል።

ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ በር ላይ የቆሙ እናት ሰላም ስላቸው «ነይ ግቢ» አሉኝ። ምንም ሳያውቁኝ። የሐረሪ ቤት በፎቶ እንጂ ገብቼ አላውቅም ነበር። መደቡ ደረጃ በደረጃ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሸፍኗል። መሬቱ ቀይ ነው፤ ከምኒልክ ጦር ጋር በተደረገው የጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማስታወስ ነው ይባላል። እሳቸው ይሄን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ከቡና ገለባ የተፈላ ሆጃ በወተት ሰጡኝ፣ ስለ ልጆቻቸው አጫወቱኝ። አንዷ ልጃቸው ጂዳ ናት። ልወጣ ስል መርቀው ሸኙኝ። ማታ ጅቦቹ ሲመገቡም አይቻለሁ፣ ልጆችሽ ቢያዩት ይወዱታል። ለኔ ግን ሐረር ማለት እኚያ እናት ናቸው።

ከሐረር ከተመለስኩ ጀምሮ እሁድ እሁድ የራሴን ሰፈር እዞራለሁ። ሰሚት መሆኔን ሰምተሻል። ኮንዶሚኒየም ምን ይታያል እንዳትይኝ። ማለዳ ውጪና እይው። ከብሎኮቹ ጀርባ አንዲት ልጅ ጀበናዋን ጥዳ ቄጤማ ትጎዘጉዛለች። የጥበቃው ሽማግሌ ፊታቸውን ይታጠባሉ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸውን እንደለበሱ ዳቦ ቤት ይሰለፋሉ። ነሐሴ ላይ የበቆሎ እሸት ጭስ፣ መስከረም ላይ ገና ባልተሠራው ቦታ አደይ አበባ። ከፒያሳና ከአራት ኪሎ የመጡ ጎረቤቶችም አሉን። ሰላም ብለሽ ከቆምሽ የድሮ ሰፈራቸውን ይነግሩሻል።

ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤት አሉኝ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። አንዳንዴ እሳቸው ጋር እንጦጦ እንወጣለን። እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያ በእግር። እኔ ስፈጥን «ቀስ በይ ልጄ፣ አየሩ ቀጭን ነው» ይሉኛል። ባሕር ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው በዙሪያው ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ በማለቁ እንደሆነ፣ ይሄ ዛፍ ባይመጣ ከተማው ከዚህ ሊነሳ ይችል እንደነበር ያስረዱኛል። ፅዱንና ወይራውን በቅጠሉ ያሳዩኛል። ልብ የሚከብደው ከላይ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ናቸው። እኛ ለመናፈስ የምንወጣውን ዳገት እነሱ ለእንጀራ ይወርዱታል። ጋሼ ሁልጊዜ ዳር ይዘው ይቆሙና መንገድ ይለቁላቸዋል። እኔም እንደሳቸው አደርጋለሁ።

ላይ ስንደርስ እንጦጦ ማርያም እንሳለማለን። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት ደብር ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ገብተን ቁጭ ስንል ከተማው ከሥራችን ተዘርግቶ ይታያል፤ ቀኑ ጥርት ካለ ወጨጫ፣ ፉሪ፣ የረር፣ እነዝቋላም ጭምር። እቴጌ ጣይቱ ከዚህ ብርድ ወደ ፍል ውኃ ለምን እንደወረዱ የሚገባሽ እዚያ ነው፤ ንፋሱ ራሱ ያስረዳሻል።

ፒያሳን በተመለከተ ሳትመጪ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በድንገት ስታዪው እንዳትደነግጪ። በ2016 ዓ.ም. ብዙው ፈርሷል። ዶሮ ማነቂያ የለም። ጥብስ እየሸተተን የምናልፍባቸው ቅያሶች የሉም። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል። ማታ ሴት ልጅ ጉድጓድ ሳትፈራ ትሄድበታለች፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛ በጨለማ ስንት ጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘን ሮጠናል። ግን ሰዎቹ ሄደዋል። ቡና አፍልተው የሚጠሩን፣ ስማችንን የሚያውቁት። ሰፊውን መንገድ እወደዋለሁ፣ ለሰዎቹ ደግሞ አዝናለሁ፤ ሁለቱም አብረው አሉብኝ። ጊዮርጊስ በቦታው ነው። ጥቅምት 1923 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ የተመረቀው የምኒልክ ሐውልትም ፈረሱ ላይ እንዳለ ነው። ከሱ አጠገብ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ መታሰቢያ አለ፤ ግማሽ ቀን እንሰጠዋለን።

መንገድ ላይ የወንዶቹ ለከፋስ? እሱ አልጠፋም። ግን ሁለት ሆነን ስንሄድ እንደ ድሮው አንሰማውም። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በወሩ የመጨረሻ እሁድ «መንገድ ለሰው» ብለው አንዳንድ መንገዶችን ለመኪና ይዘጉ ጀመር። ሕፃናት አስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱ፣ እናቶች መሐል መንገድ ላይ ሲሄዱ ሳይ እንባዬ መጥቷል።

አንቺስ? ስላይጎ ክሪክ ከቤትሽ ሩቅ እንዳልሆነ አስታውሳለሁ። የወንዙን ዳር ተከትሎ የሚሄድ የእግር መንገድ አለ ብለሽኝ ነበር። ከሥራ ስትወጪ ትሄጂበታለሽ? ከልጆቹ ጋር? ምን ምን እንደምታዪ ጻፊልኝ። ዛፉን፣ ሰዉን፣ በረዶ ሲጥል እንዴት እንደሚሆን።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ስትመጪ ዘመድ ሁሉ በመኪና ከቤት ቤት ያመላልስሻል። እምቢ አትበያቸው፣ ይቀየማሉ። የከተራን ቀን ግን ለኔ ተይልኝ። ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ በእግር እንከተላለን። ወጣቶቹ ምንጣፉን እያነጠፉና እየሰበሰቡ ሲሮጡ፣ እናቶች እልል ሲሉ፣ በዚያ በድሮው መንገዳችን። እናትሽንም አስቤያለሁ። ጃን ሜዳ ድረስ አይችሉም። ስድስት ኪሎ አካባቢ የማውቃት ሴትዮ በረንዳ አላት፤ አስቀድመን እዚያ እናስቀምጣቸዋለን፣ ታቦቱ በፊታቸው ያልፋል። ጠይቄያት እሺ ብላኛለች። ለእናትሽም ነግሬያቸዋለሁ፤ ነጠላቸውን ከአሁኑ አሳጥበው አስቀምጠዋል።

ከጥምቀት በኋላ ጊዜ ካለሽ ሐረር እንሄዳለን። እኚያ እናት ጋ ይዤሽ እሄዳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ትኬቱን እንደቆረጥሽ ቀኑን ላኪልኝ፤ የሥራ ፈቃድ አስቀድሜ መጠየቅ አለብኝ። ተረከዝ ያለው ጫማ አታምጪ። ጠዋትና ማታ ጥር ይበርዳል፣ ለልጆቹ ሹራብ ያዥ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ።

ናፋቂሽ እህትሽ
ሰሚት፣ አዲስ አበባ