ከአራቱ የዶናት ቤቶቻችን ሠራተኞች የቀረበ የምስጋና መልእክት

ክቡራን ደንበኞቻችንና ወዳጆቻችን፤

ሊጥ በምናቦካበት ዋናው ማብሰያ ቤታችን ላይ የደረሰውን የእሳት አደጋ ሁላችሁም ስለምታውቁት አንደግመውም። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን። አሠራራችን ከመጀመሪያዋ ሱቅ ጀምሮ ሊጡን አንድ ቦታ አቡክቶ በየቅርንጫፉ መጥበስ ነው፤ የተጠበሰ ዶናት ዕድሜው የሰዓታት ስለሆነ ይዞት መዞር አያዋጣም። አንዱ ቤት ሲቃጠል አራቱም ባዶ የቀሩት ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ለሊጥ ክፍል ኃላፊያችን። «ስሜ እንዳይጻፍ» ስላሉን አልጻፍነውም። የአሠራሩ ወረቀት ከእሳቱ ተርፏል፤ እሱን ማንም ያነበዋል። በትውስት ቤት፣ በሰው ማቡኪያ ያንኑ ዶናት ማውጣት ግን ሌላ ሙያ ነው። የተዋስነው ማቡኪያ ፈጣን ነውና ሊጡን ያሞቀዋል፤ የሞቀ ሊጥ ደግሞ ተቆርጦ ሳያልቅ ኩፍ ብሎ ያልፍበታል። እሳቸው ሂሳቡን ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጠፉት፦ ሊጡ 27 ዲግሪ ሆኖ እንዲወጣ 27ን በ3 አባዙ፤ ከ81 ላይ የዱቄቱን 24፣ የክፍሉን 25፣ ማሽኑ የሚጨምረውን 14 ቀንሱ፤ የቀረው 18 የውሃው ሙቀት ነው። ክፍሉ ሲሞቅ በረዶ ይገባል። «እርሾውን ብንቀንስስ?» ለሚል መልሳቸው አጭር ነበር፦ «እርሾው ምን አጠፋ?»

ሊጡ ኩፍ የሚልበትን ክፍልም ለማንም አልሰጡም። 37 ዲግሪ፣ 35 ደቂቃ ያህል፤ እርጥበቱ ከ80 በመቶ ካለፈ ላዩ ይረጥብና ዘይት ሲነካው ይነፋፋል። በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ በግማሽ ከተመለሰ ደርሷል፤ ወዲያው ከተመለሰ ይቆይ፤ ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፣ ዘይት ይጠጣል። በዶናቱ ወገብ ላይ የምታዩት ነጭ ቀለበት የእሳቸው ልፋት ነው። እናታችን፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን! ሌላ ምን እንላለን?

መጥበሻዎቹን ለጠገነልን ወንድማችን። እ.ኤ.አ. በ1920 አዶልፍ ሌቪት ኒው ዮርክ ውስጥ የዶናት ማሽን ከሠራ ወዲህ መጥበሻ ያለ ሰው የሚሠራ ይመስላል፤ አይሠራም። የመጥበሻው ቁጥር 190 ዲግሪ እያለ የዘይቱ መሐል 178 ነበር፤ የሙቀት መለኪያው ዘንግ ላይ ጥቁር ቅሪት ተጋግሮበት። በዚህ ሙቀት ዶናቱ እስኪቀላ ብዙ ይቆያል፣ ዘይቱንም ይመጠዋል። ዘንጉን ፍቆ፣ በሌላ ቴርሞሜትር አመሳክሮ አስረከበን። አሁን በየጎኑ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

ቅባት አቅራቢያችንም «ፈሳሽ ዘይት በርካሽ ውሰዱ» ሳይል የረጋውን በዱቤ ሰጥቶናል። የረጋ ቅባት ዶናቱ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይረጋል፤ ፈሳሹ ግን እንደፈሰሰ ይቀርና ላዩ ላይ ያለው ስኳር እያለቀሰ ይወርዳል። ውለታው ቀላል አይደለም።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ሾፌሮች፣ ጎረቤቶች፣ በር ተዘግቶ እያየ ተመልሶ የመጣ ደንበኛ ሁሉ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ስማችሁን ያልጠራናችሁ ብዙ ናችሁ፤ ይቅር በሉን፣ ረስተናችሁ አይደለም። ያዋሳችሁን የሊጥ ሳጥኖችና ትሪዎች ታጥበው በኋላው በር በኩል ተደርድረዋል። ክዳናቸው ስለተቀላቀለ ስትወስዱ እየገጠማችሁ ሞክሯቸው።