ለልጄ፦ ስለ ኒዶው ቆርቆሮ

ይድረስ ለልጄ፣

ጉልበቴ ከጠበሉ ወዲህ ተሽሎታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት እናትሽ ደውላ የእድሩ ትልቁ ድስት ከነወጡ እጀታው ወለቀ ስትለኝ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰው አለመቃጠሉ ተመስገን ነው። የላክሽውን ፎቶ አየሁት፤ እጀታውን የያዘው ሪቬት፣ ያ ጫፉ ተመትቶ ሁለት ላሜራ የሚያያይዘው ምስማር፣ ዝጓል፤ የድስቱ ቀዳዳ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ይዟል። ብረት ነው የመታሽበት። ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው ጨውና እርጥበት ካገኛቸው፣ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ማግኔት ሳታስነኪ አንድም ሪቬት እንዳትመቺ!

ጥፋቱ የእኔም ነው። የአያትሽን ሪቬት፣ ከመኪና ሻንሲ ያወጣሁትን፣ ከአውሮፕላን ጥገና የተረፈውን አንድ የኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ ደባልቄ፣ «ነገ እለየዋለሁ» ስል ሃያ ዓመት አለፈ። አሁን አንቺ ለዪልኝ፣ የኔ ልጅ። ቀይ ሆኖ ማግኔት ከያዘው መዳብ የተቀባ ብረት ነው፤ በሞረድ ብትነኪው ውስጡ ይነጣል። ማግኔት ያልያዘው ሁሉ ደግሞ አሉሚኒየም እንዳይመስልሽ፤ የማይያዝ ስቴንለስ አለ፣ እሱን እጅሽ ላይ በክብደቱ ታውቂዋለሽ። አናቱ መሃል ትንሽ ጉድጓድ ወይም ሁለት ጎላ ያሉ ሰረዞች ያሉት የአውሮፕላን ነው፤ መዳብ የተቀላቀለበት ስለሆነ ጨው አይችልም። ባለሰረዙማ እንዲሁ ሲመቱት ይሰነጠቃል። ጫፉ ውስጡ ባዶ የሆነው የፍሬን ሸራ ሪቬት ነው። ለድስት የምፈልገው ምልክት የሌለውን፣ ቀሎ ሞረድ የሚበላውን ነው።

ቀዳዳው ስለተበላ ሩብ ኢንቹ ሪቬት አይሞላውም። 5/16 ኢንቹን ምረጪ፤ 7.94 ሚሊ ነው፣ ቀዳዳውን በ8 ፑንታ አስፊው። የድስቱ ግድግዳ 3 ሚሊ፣ የእጀታው 4 ሚሊ፤ ከዚያ ለአናቱ የሪቬቱን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ፣ 12 ሚሊ ጨምሪ። 19 ሚሊ ላይ ቁረጪ። ከረዘመ ይጎብጣል፣ ካጠረ አናቱ ሳስቶ ይለቃል።

ሪቬቱ ደርቆ ሊሆን ስለሚችል አለስልሺው። ደረቅ ሳሙና ቀቢና ከስር በቀስታ አሙቂ፤ ሳሙናው ሲጠቁር አቁሚ። እንደ ብረት ይቀላል ብለሽ እንዳትጠብቂ፣ አሉሚኒየም ሳይቀላ ነው የሚቀልጠው። ዚንክ የተቀባ ብረት ግን እሳት አይንካው፣ ጭሱ ትኩሳት ያመጣል።

የፋብሪካውን አናት በድስቱ ውስጥ አድርጊ፣ ለማጠብ ይመቻል። በአናቱ ልክ የተጎደጎደውን ብረት ሞርሳ ላይ አስረሽ አስደግፊው። ከመምታትሽ በፊት የሪቬቱ ጫፍ የሚገባበትን ቱቦ ሪቬቱ ላይ አጥልቀሽ በመዶሻ ሁለቱን ላሜራ አጣብቂ፤ ይሄን ከዘለልሽ ሪቬቱ መሃላቸው ላይ ያብጥና እጀታው እድሜ ልኩን ይንቀጫቀጫል። አናቱ 12 ሚሊ ሰፍቶ 4 ሚሊ ሲቀረው በቃ፣ ማስዋብ አያስፈልግም።

ለእድሩ ከመመለስሽ በፊት ውሃ ሞልተሽ ከሌላ ሰው ጋር አንሺው። ቡሎንና ዳዶ አስገብተሽ እንዳትሰጪያቸው፣ ጥርሱ ውስጥ ምግብ ይቀራል። ማግኔት ሳታስነኪ ግን፣ ልጄ፣ አትምቺ። መሳቢያው ውስጥ ከካሊፐሩ ስር ነው።

አባትሽ