ትንሿ እህቴ ፋብሪካ ትግባ ወይ ላልሽኝ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። የላክሽው ቡና ደርሶኛል። ዛሬ እረፍቴ ስለሆነ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። የዘጌ ጀልባ አሁን ከፊቴ ወጣ።

ባለፈው "ትንሿ አንቺ ጋ ፋብሪካ ልግባ እያለች አስቸገረችኝ፣ ምን ትያለሽ?" ስትይኝ "እደውልልሻለሁ" ብዬ ዘጋሁት። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው።

በዚያው ሰሞን ድርጅቱ ወረቀት በትኖልን ነበር። "በሥራዎ ምን ያህል ረክተዋል?" ይላል። በጣም፣ በመጠኑ፣ አልረካሁም። ስም አይጻፍም ተባልን፤ ግን ተቆጣጣሪው እዚያው አጠገባችን ቆሞ ነበር። አብዛኞቻችን "በመጠኑ" ላይ ምልክት አድርገን መለስን። ያኔ ያልጻፍኩትን ለአንቺ ልጻፈው።

ሥራውን እወደዋለሁ፣ እማዬ። መጀመሪያ ይህን እወቂልኝ። እንዝርት ስታሾሪ፣ በደረቅ ቀን ክሩ እየተበጠሰ ሲያስቸግርሽ ጣትሽን በምራቅ ታርሺው የለ? እኛም ጋ ነገሩ ያው ነው። የሽመናው አዳራሽ ውስጥ ከላይ እንደ ጉም የረቀቀ ውኃ ይረጫል። አየሩ ከደረቀ ክሩ አይበረክትም። አንድ ክር ሲበጠስ ማሽኑ ራሱ ይቆምና መብራት ያበራል። ሮጬ ሄጄ ሁለቱን ጫፍ እፈልጋለሁ፣ እቋጥራለሁ፣ መልሼ አስነሳዋለሁ። በገባሁ ሳምንት አሠልጣኟ ቋጠሮዬን በጣቷ ዳብሳ "ይህን የት ተማርሽ?" አለችኝ። "ከእናቴ" አልኳት።

ጫጫታው ግን ከባድ ነው። ጎኔ ከምትቆመው ልጅ ጋር በእጅና በከንፈር ነው የምንግባባው። የጆሮ መሰኪያ ይሰጠናል፤ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ግን ምትኩ ቶሎ አይመጣም። ቤት ገብቼ እንኳ እየጮኽኩ አወራለሁ ይሉኛል። የጥጡ ብናኝ ደግሞ ቅንድባችን ላይ ይቀመጣል። ከፈረቃ ስንወጣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ሽበት ያበቀለች ትመስላለች።

ሌሎቹ ምን ይላሉ ብትይኝ፣ እንደየሰዉ ነው። አንድ መካኒክ አለ፣ "ዲግሪ ይዞ ጎዳና የሚቆጥር ሞልቷል፤ እኔ ወር ሲሞላ ደሞዜ ይገባል" ይላል። እውነቱን ነው። ጡረታውም አለ፤ ከእኛ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ይከፍላል። ከመርዓዊ የመጣችው ጓደኛዬ ግን ደሞዟ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚባል ወለል እስካሁን የለም። እሷ የተሻለ ባገኘች ማግስት ትሄዳለች፤ እኔም አልፈርድባትም።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። አምና ከማታ 4 ሰዓት በኋላ ተጨማሪ ሰዓት ሠርተን በቀን ሒሳብ ከፈሉን፣ የሰዓት ደሞዛችንን አንድ ተኩል እጥፍ። የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገልጦ በጣቱ አሳየን፤ ለሌሊት 1.75 እጥፍ ነው የሚለው። አብረን ሒሳብ ክፍል ሄድን። ሁለት ወር ፈጅቶ ተስተካከለ። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። ግን ያን ቀን ስወጣ ቀና ብዬ ነው የተራመድኩት። ዝም ብንል ኖሮ እስከ ዛሬ እንደዚያው ይከፈለን ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። ማሽኑ ሲቆም ሁሉም ይሮጣል፤ ሠራተኛው ሲደክመው የሚያይለት የለም። ወረቀት ከሚበትኑ አንድ ቀን ሻይ ሰዓት ላይ መጥተው አብረውን ቢቀመጡ ስንቱን በነገርናቸው።

የአከራዬ ባል ጋሼ በአሮጌው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው ጡረታ የወጡት፣ ያ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው። ቤታቸውን የሠሩት፣ ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚያ ደሞዝ ነው። "በእኛ ጊዜ ፋብሪካ ገባ ከተባለ ሚስት አይጠፋም ነበር" ይሉኛል። ስለ ፋብሪካው ሲያወሩ "ቤታችን" እያሉ ነው። እኔም ስለ ሥራዬ እንደዚያ ማውራት እፈልጋለሁ፣ እማዬ። ከልቤ እፈልጋለሁ።

ትንሿን ግን ዘንድሮ አትላኪያት። ገና 17 ዓመቷ ነው። ሕጉ ከ18 በታች ያለ ልጅ በቀን ከ7 ሰዓት በላይና ሌሊት እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ዕድሜ ጨምረው የሚገቡ ልጆች ግን አይቻለሁ። የሌሊት ፈረቃ ላይ ቆመው ሲያንቀላፉ ማየት ያሳዝናል። መጀመሪያ 12ኛን ትፈተን። ከዚያ በኋላም ልቧ እዚህ ከሆነ፣ ትምጣ። ከእኔ ጋር ትኖራለች። ውሉን ሳላነብላት አትፈርምም፣ ማኅበሩ ውስጥም እኔው ራሴ አስመዘግባታለሁ።

ይህን ደብዳቤ እሷው ናት የምታነብልሽ፤ እዚህ ጋ ስትደርስ እንደምታኮርፍ አውቃለሁ። አትቆጪያት።

የሚመጣው እሁድ ፈረቃ የለኝም። በጠዋቱ ጀልባ እመጣለሁ። የፈተልሽውን ልቃቂት አስቀምጪልኝ።

ልጅሽ
ከባሕር ዳር