አንድ ቡሎን፣ ብዙ ልክ፦ የዲዛይን ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የዲዛይን ክበባችን ዘንድሮ ምን ሠራ ብሎ ኮምፒውተር ላብ የመጣ ሰው አንድ ቡሎን ብቻ ነው የሚያገኘው። ከዝርዝሩ ኤም6ን (የ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን) ሲመርጥ ግን ቡሎኑ ይቀጥናል፣ ኤም12 ሲል ይወፍራል። ሥራችን እሱ ነው።

አምና ልጆቹ እያንዳንዱን መጠን ለየብቻ ይስሉ ነበር። አንድ ነገር ሊታረም ሲል ሁሉም ፋይል ይከፈታል፤ መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ አይጣል ነው። ዘንድሮ ስዕሉ አንድ ይሁን፣ ልኮቹ ሰንጠረዥ ውስጥ ይግቡ አልን። የተጠቀምነው ፍሪካድ የተባለውን የዲዛይን ፕሮግራም ነው፣ በነፃ ስለሚገኝ። ሶሊድወርክስም ከኤክሴል ጋር ተያይዞ ይህንኑ ይሠራል፤ ክፍያው ግን የእኛ አቅም አይደለም።

ከቡሎን ጋር በምትገባው ቀለበት፣ በሮንዴላ ጀመርን። ሦስት ልክ ይበቃታል፦ የውስጥ ዲያሜትር፣ የውጭ ዲያሜትርና ውፍረት። የኤም8 ሮንዴላ 8.4፣ 16 እና 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። የኤም10 ደግሞ 10.5፣ 20 እና 2። እያንዳንዱ መጠን አንድ ረድፍ፣ እያንዳንዱ ልክ አንድ ዓምድ ይይዛል። ረድፉና ዓምዱ ለሚገናኙበት ሳጥን፣ ለሴሉ፣ ስም ይወጣለታል፤ ስዕሉ ላይ በቁጥር ፈንታ ያ ስም ይገባል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሴሉን ኤም8 ብላ ልትሰይም ብትል ፕሮግራሙ እምቢ አላት። ለካ ኤም8 ማለት በሰንጠረዡ የኤም ዓምድ 8ኛ ረድፍ ነው! ላቡ በሳቅ ሞላ።

ቡሎኑ ላይ ነገሩ ጠጠር አለ። ልጆቹ ላገኙት ልክ ሁሉ ዓምድ ሊከፍቱለት ፈለጉ። ብዙ የተከራከርነው እዚህ ላይ ነው፣ ለእኔም ከፕሮግራሙ ይልቅ ክርክሩ ይበልጥብኛል። የባለ ስድስት ጎኑ ራስ ከጎን እስከ ጎን ያለው ስፋት ሰንጠረዥ ውስጥ መግባት አለበት። ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ግን ስፋቱን ለ0.866 በማካፈል ይገኛል። ሁለቱንም በእጅ ካስገባን፣ አንዱን አርመን ሌላውን የረሳን ዕለት ልኮቹ ይጋጩና ስዕሉ ይቆማል።

ከዚያ የቡሎን መፍቻው ቁልፍ ጉዳይ መጣ። ሰንጠረዛችን ለኤም10 ራስ ስፋት 16 ሚሊ ሜትር ይላል፤ የወርክሾፑ ቡሎን በካሊፐር፣ በመለኪያው፣ ሲለካ ወደ 17 ሆነ። የለካው ልጅ ካሊፐሩን ጠረጠረ። ካሊፐሩ ምንም አልሆነ። በቀድሞው የጀርመን ዲን ደረጃ የኤም10 ራስ 17፣ የኤም12 ደግሞ 19 ነው፤ በዓለም አቀፉ የአይሶ ደረጃ 16 እና 18 ሆነዋል። ኤም6 እና ኤም8 በሁለቱም 10 እና 13 ናቸው። መካኒኮቻችን 17 ቁልፍ ከእጃቸው የማይለየው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ረድፍ ተጨመረ፣ ስዕሉን ማንም አልነካውም።

የቡሎኑን ርዝመት ገና አላስገባንም። በ2018 ርዝመቱን ጨምረን ቡሎኑ ላይ የሚጠብቀውን ዳዶም ከዚሁ ሰንጠረዥ ጋር እናገናኘዋለን። የ12ኛ ክፍሎቹ ስለሚሄዱብን ፋይሉን የሚረከቡ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች እንፈልጋለን። ምዝገባው በመስከረም፣ እዚያው ላብ ነው።