በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎት ነበር

ይድረስ፦ በቴክሳስ ስቴት ለአንድ የትምህርት ቤቶች ዲስትሪክት ኃላፊ
(ስምዎን እኔም እርስዎም እናውቀዋለን)

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰው የሚባል ስላልመለሰልኝ ነው። ማሽኑስ መልሶልኛል፤ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ብሎ፣ ሦስቱንም ጊዜ። አስተርጓሚ መፈለጉ አሁን የእርስዎ ተራ ይሁን። እኔ ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ የእናንተን ፎርም ቃል በቃል ስፈታ ዓመታት አልፈውኛል።

ነገሩን እርስዎ ያውቁታል፤ ለሌላው አንባቢ ስል ልድገመው። ልጅቷ የእህቴ ልጅ ናት፤ 15 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። የምጽፈውም አስፈቅጃት ነው። ባለፈው ዓመት፣ ለወጣቶች መታቀብን እንዲያስተምር ከመንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው አንድ ድርጅት የላካት ሴት ክፍላቸው ገባች። ከቦርሳዋ ፕላስተር አወጣች፤ ያን ስጦታ የሚጠቀለልበትን። ቁራጩን አንድ ልጅ ክንድ ላይ ለጥፋ ላጠችው፤ ከዚያ ሁለተኛው ላይ፣ ከዚያ ሦስተኛው ላይ። አራተኛው ላይ አልይዝ አለ። ያን ጊዜ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ የያዘውን ፀጉርና እድፍ አሳየቻቸው። ከጋብቻ በፊት ሰው የነካችሁ እንደሆነ እንዲህ ናችሁ፤ ለባላችሁ የሚተርፍ መጣበቂያ አይኖራችሁም አለቻቸው።

ልጃችን አገር ቤት ሳለች፣ በ11 ዓመቷ፣ የደረሰባትን እዚህ አልዘረዝርም። በፈቃዷ እንዳልነበር ብቻ ይወቁ። ያን ዕለት ማታ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ክንዷን በሳሙና ስትፈትግ አገኘኋት፤ ቀልቶ ሊደማ ደርሷል። ፕላስተሩ እኮ እሷ ላይ አልተለጠፈም ነበር። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ የትምህርት ቀን ቀረች። ስለ መቅረቷ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ግን በሦስተኛው ቀን ደረሰኝ፤ መሥሪያ ቤትዎ ሲፈልግ መጻፍ እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው።

የአንድ ቤት ገመና ነው ብለው እንዳያልፉት፣ ኤልዛቤት ስማርትን ያስታውሱ። በ2002 (ዓመቶቹን በእናንተ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በ14 ዓመቷ ከሶልት ሌክ ሲቲ ቤቷ ታፍና ተወስዳ ዘጠኝ ወር የተደፈረችው ልጅ ናት። ካደገች በኋላ በአደባባይ ተናገረችው፦ ወሲብ የፈጸመ ሰው የታኘከ ማስቲካ ነው ተብላ ተምራ ስለነበር፣ ከተደፈረች በኋላ ራሷን እንደዚያ ማስቲካ ቆጠረች። ይህን የተናገረችው በ2013 ነው። የእናንተ ሰዎች ምን ተማሩ? ማስቲካውን በፕላስተር ቀየሩት።

አሁን «ይቺ ሴት መታቀብን የምትጠላ ናት» ይሉ ይሆናል። እንዲያውም! የዓመቱን ግማሽ የሚጾም ቤት ነው ያለኝ፤ ስለ መታቀብ ለእኔ መስበክ ለቄስ መጽሐፍ መቁጠር ነው። መታቀብን እኔ ቤቴ በነፃ አስተምራለሁ፤ በጀት ጠይቄ አላውቅም። ከአፌ አልወጣ የሚለኝ ሌላው ነው። ስለ ኮንዶም፣ ስለ መከላከያ፣ ስለ አባላዘር በሽታ እናቴ አልነገረችኝም፤ እኔም ስጀምረው ምላሴ ይታሰራል፣ በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም። ልጅ ወደ እናንተ የምልከው እኔ ያቃተኝን እንድታስተምሩልኝ እንጂ የምችለውን አበላሽታችሁ እንድትመልሱልኝ አይደለም።

አገር ቤት ተማሪ ሳለሁ ፀረ ኤድስ ክበብ ነበርኩ። «መ»ዎቹ ሦስት ነበሩ፦ መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም። ሦስተኛዋ «መ» ላይ ስንደርስ አፋችንን ይዘን እንስቅ ነበር፤ ግን ተጽፋ ነበር። ኮንግረስ በ2003 ባወጣው የኤድስ ሕግ ለመከላከል ከሚወጣው ገንዘብ አንድ ሦስተኛው እስከ ጋብቻ መታቀብን ለመስበክ እንዲውል አዝዞ እንደነበር፣ ከ15ቱ ተቀባይ አገሮች አንዷም ኢትዮጵያ እንደነበረች ያወቅሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ገንዘባችሁን እንግዲህ ከሁለቱም ወገን ቀምሼዋለሁ። ለድሃ አገር ልጅ እንኳ ሦስት «መ» ከተፈቀደ፣ ለቴክሳስ ልጅ አንዷ ብቻ የቀረችው በምን ጥፋቷ ነው?

አንድ ጊዜ ስልክ ያነሣ ሠራተኛዎ «ለትምህርት ቤቱ ምንም ወጪ የለውም፣ ነፃ ነው» ብሎኛል። ነፃ አይደለም፤ ከደመወዜ የሚቆረጥ ነው። ኮንግረስ በ1996 ካወጣው የድጎማ ማሻሻያ ሕግ ወዲህ የፌዴራሉ መንግሥት ለዚህ የመታቀብ ትምህርት በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ስቴቶቹም ለየአራቱ ዶላር ሦስት እንዲጨምሩ ተደረገ። ካሊፎርኒያ ገና ከጅምሩ አልፈልግም አለች። በ2004 የምክር ቤት አባሉ ሄንሪ ዋክስማን ያስመረመሩት ሪፖርት፣ በብዛት ከሚሠራባቸው 13 መማሪያዎች በ11ዱ ውስጥ ሐሰት ወይም አሳሳች ነገር አገኘ። በ2007 ኮንግረስ ራሱ ያዘዘው ጥናት ከ2,000 በላይ ልጆችን ተከታትሎ፣ ትምህርቱን የወሰዱትም ያልወሰዱትም አንድ ሆኑበት፦ ከሁለቱም ወገን ግማሽ ያህሉ ታቅበዋል፤ ወሲብ የጀመሩትም የጀመሩት በአማካይ በ14.9 ዓመታቸው ነው። ገንዘቡ በዚህ ቆመ? በ2018 ክርስትና አንሥታችሁት «ከወሲባዊ አደጋ መራቅ» የሚል አዲስ ስም ወጣለት፤ በጀቱም ያኔ 75 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

የስቴቱን ሕግ ከእኔ በላይ ያውቁታል። መታቀብ ይቅደም፣ ሰፋ ያለ ጊዜም ይሰጠው ይላል፤ ይበል። ሕፃናትን አዋርዱ ግን አይልም። የስቴቱ የትምህርት ቦርድም በ2020 ስለ እርግዝና መከላከያ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ይነገር ብሎ ወስኗል። ወላጅ መማሪያውን የማየት መብት እንዳለውም ሕጉ ላይ አለ። እኔ መጽሐፉን ጠየቅሁ፤ የድርጅቱ ንብረት ነው ተባልኩ። ድጋሚ ጠየቅሁ፤ «ፎርሙ ላይ ፈርመዋል» ተባልኩ። አዎ ፈርሜያለሁ፤ ፎርሙ «የጤና ትምህርት» ነበር የሚለው። ስለ ፕላስተር የሚል መስመር አልነበረበትም።

ባለፈው ሳምንት የዘንድሮው ፎርም መጣ። ያው ድርጅት ነው። አሁን ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። እስከ አርብ ተመላሽ ይሁን ይላል። መጽሐፉን እስከ ሐሙስ ይላኩልኝ፤ ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።

የአንዲት ተማሪ አክስት፣ ቴክሳስ